ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት፦ ትንሽ ጀነሬተር ለመግዛት ላሰባችሁ

በይፋት ቆላ መብራት ሲጠፋ ፀጉር ቤቱ ሥራ ያቆማል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ሥጋ ይበላሻል፣ ስልክ የሚሞላበት ይጠፋል። ከላይ ደግሞ በጣርማ በር አፋፍ ጭላዳ ለማየት ወይም በወፍ ዋሻ ደን ዳር ድንኳን ተክሎ ለማደር የሚሄድ ሰው ካሜራውን የሚሞላበት፣ ማታ የሚያበራበት ይቸግረዋል። ለሁለቱም የሚመጣላቸው ሐሳብ ትንሽ ጀነሬተር መግዛት ነው። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ጥያቄም አንድ ነው፦ ብዙ ገንዘብ ሳላወጣ የትኛውን ልያዝ?

እዚህ ላይ ዋጋ አልጠቅስም። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ እናንተ ሱቅ ስትደርሱ ሌላ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። አቅምን ያገናዘበ የምለውም ሲገዛ የቀለለውን ብቻ አይደለም። ነዳጅ የማይፈጅ፣ መለዋወጫው የማይጠፋ፣ ሰፈራችሁ ያለው መካኒክ ፈትቶ ሊገጥመው የሚችለው ነው።

1. መጀመሪያ ጭነታችሁን በወረቀት ጻፉ

ሱቅ ሄዶ «ስንት ኪሎ ዋት አለህ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። የሚቀድመው ግን ቤታችሁ ወይም ድንኳናችሁ የሚፈልገውን ማወቅ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፤ እያንዳንዱን ዕቃ ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት መዝግቡ። ኤልኢዲ አምፖል ወደ 9 ዋት፣ ስልክ መሙያ ከ10 እስከ 20፣ ላፕቶፕ 65 ገደማ፣ መካከለኛ ቴሌቪዥን ከ50 እስከ 100 ዋት ይወስዳል። ከዚያ በአንድ ጊዜ አብረው የሚሠሩትን ብቻ ደምሩ። ሁሉንም መደመር ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ትልቅ ማሽን ያስገዛችኋል፤ ትልቅ ማሽን ደግሞ ጭነት ኖረውም አልኖረውም ቤንዚን ይጠጣል።

ሞተር ያላቸውን ዕቃዎች ለብቻ አስቀምጡ። አነስተኛ ማቀዝቀዣ እየሠራ እያለ ከ100 እስከ 150 ዋት ብቻ ቢፈልግም፣ በሚነሳበት ቅጽበት ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይጠይቃል። «150 ዋት ብቻ ነው» ተብሎ የተገዛ ጀነሬተር ማቀዝቀዣው ሊነሳ ሲል የሚያጓራውና የሚጠፋው ለዚህ ነው። የውኃ ፓምፕም እንደዚሁ ነው፤ 1 የፈረስ ጉልበት ማለት 746 ዋት ነው፣ ሲነሳ ግን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይፈልጋል።

ሙቀት የሚሰጡ ዕቃዎች ከዝርዝሩ ይውጡ። የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይበላል፤ የውኃ ማፍያውና ምድጃው ከ1,000 እስከ 2,000። በእጅ የሚያዝ ጀነሬተር ምጣድ አያሞቅም። ቡናውንም እንጀራውንም ለከሰል፣ ለማገዶ ወይም ለጋዝ ተዉት።

የይፋት ገበሬዎች ሽንኩርት ወይም ማሾ ለማጠጣት ፈልጋችሁ ከሆነ ጀነሬተር አትግዙ። በራሱ ሞተር የሚሠራ የውኃ መሳቢያ ግዙ። ነዳጁን ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩን መልሶ ወደ ፓምፕ ጉልበት መቀየር በየመሐሉ ብክነት አለው፤ ያንን ብክነት ደግሞ በየቀኑ በሊትር ትከፍሉታላችሁ።

አሁን ዋቱን በሚሠራበት ሰዓት አባዙት። አራት ባለ 9 ዋት አምፖል ለአምስት ሰዓት 180 ዋት ሰዓት ነው። አንድ ላፕቶፕ ለሦስት ሰዓት ወደ 200 ነው። አራት ስልክ መሙላት ወደ 60 ነው። ድምሩ 440 ዋት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። የእናንተም ቁጥር በዚህ አካባቢ ከሆነ ጀነሬተር የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም። 200 ዋት የፀሐይ ፓነል በአምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ፣ ብክነቱ ተቀንሶ፣ ወደ 700 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በይፋት ቆላ ደግሞ በበጋ ፀሐይ ችግር ሆና አታውቅም። ከ100 አምፒር ሰዓት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ጋር ሲገጥም ድምፅም ጭስም ሳይኖረው ሌሊቱን ያሳልፋል። በክረምት ጣርማ በር ላይ ግን ጉሙ ቀኑን ሙሉ ላይገለጥ ስለሚችል በፓነል ብቻ አትተማመኑ።

2. ከሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በከፍታ ቀንሱት

ገዢዎች የሚታለሉት ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ በማሽኑ ላይ ሁለት ቁጥር እንዳለ ልብ በሉ። «ማክስ» የሚለው ለጥቂት ሰከንድ የሚወጣ ከፍተኛ ጉልበት ነው። «ሬትድ» የሚለው ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው ነው። ሻጭ የሚነግራችሁ የመጀመሪያውን ነው፤ እናንተ ጠይቃችሁ የምትይዙት ሁለተኛውን ይሁን። ለምሳሌ ሆንዳ ኢዩ 20 አይ የሚባለው 2,000 ዋት ተብሎ ይታወቃል፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ግን 1,600 ነው። በየሱቁ የሚታዩት «950» የሚል የተጻፈባቸው ባለ ሁለት ምት ትንንሾች የያማሃ ኢቲ 950ን መልክ የያዙ ናቸው፤ በተከታታይ የሚሰጡት ጉልበት 650 ዋት ገደማ ነው። 950 የሞዴል ስም እንጂ የሚደርሳችሁ ዋት አይደለም።

ይህ የተጻፈው ቁጥር የሚለካው ደግሞ በባሕር ጠለል ከፍታ ነው። ሰው ወደ ጣርማ በር ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረው፣ ሞተርም አየሩ ሲሳሳ ይደክማል። የተለመደው ስሌት በየ300 ሜትሩ ወደ 3.5 በመቶ መቀነስ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ሲና 2,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከ30 በመቶ በላይ ይሄዳል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ 35 በመቶ ቀንሱ።

ስለዚህ ያ 1,600 ዋት ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ 1,360 ይወርዳል፤ ጣርማ በር ላይ 1,040 ነው። 650 የሚሰጠው ትንሹ ሸዋ ሮቢት ላይ 550፣ ጣርማ በር ላይ 420 ይሆናል። ሲነሳ 600 ዋት የሚጠይቅ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው በትንሹ ማሽን ከላይ በፍጹም አይሆንለትም፣ ከታችም በጭንቅ ነው። ቁጥሩ በኬቪኤ ከተጻፈ ለጥንቃቄ በ0.8 አባዙና ከዚያ ጀምሩ።

መርካቶ ውስጥ የተፈተነ ጀነሬተር ስለ ጣርማ በር ሙሉ ማስረጃ አይሆንም። አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ የሠራው ሸዋ ሮቢት ላይ ይበልጥ ይሠራል፤ ጣርማ በር ላይ ግን ገና ሌላ ይቀንሳል። ለከፍታው የሚገዛ ሰው በከተማ ሙከራ የአቅሙ ጫፍ ላይ የደረሰ ማሽን አይያዝ።

ከፍታው ሌላም መዘዝ አለው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚልከው ቤንዚን ለአየሩ ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ ታያላችሁ፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ነዳጅ ይባክናል፣ ማስነሻ ገመዱን ደጋግማችሁ ብትስቡም እምቢ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ለሚኖር ሰው መካኒኩ በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ትንሽ ቀዳዳ ብሎን በጠበበ ሊቀይረው ይችላል። ጭሱና ነዳጁ ይስተካከላል፤ የጠፋው ጉልበት ግን አይመለስም። በዚሁ እንደተቀየረ ማሽኑን ወደ ቆላ ይዛችሁ ብትወርዱ ደግሞ ቤንዚን ስለሚያንሰው ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ፒስተኑን ሊያበላሽ ይችላል። ሁለቱንም ቦታ የምትመላለሱ ከሆነ የፋብሪካውን እንዳለ ተዉትና ካንዴላውን እያጸዳችሁ ተጠቀሙ።

3. ዓይነቱን ምረጡ

ባለ ሁለት ምት ትንሹ ርካሽና ቀላል ነው፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ ይዞት ይሄዳል። በምላሹ ቤንዚኑን ከባለ ሁለት ምት ዘይት ጋር ማደባለቅ አለባችሁ፤ ድርሻው ብዙ ጊዜ 50 ለ1 ስለሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ዘይት የረሳ ሰው ሞተሩን በአንድ ቀን ይገድለዋል። ይጮኻል፣ ይጨሳል፣ ቮልቴጁም ጭነት ሲለዋወጥ ይወዛወዛል። ለአምፖል፣ ለፀጉር መቁረጫ፣ ለስልክና ለትንሽ ቴሌቪዥን ይበቃል።

ባለ አራት ምት የተለመደው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ዋት ያለው በየከተማው ደጃፍ ላይ የምናየው ነው። መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል፣ መካኒክም ያውቀዋል። የኛን 50 ኸርዝ ለማውጣት ጭነት ቢኖረውም ባይኖረውም በደቂቃ 3,000 ዙር መሽከርከር ስላለበት ሁለት አምፖል ብቻ ስታበሩበትም ብዙ ነዳጅ ይፈጃል። በሰዓት ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ጠብቁ።

ኢንቨርተር ያለው ዋጋው ከሁሉ ይበልጣል። ጭነቱ ሲቀንስ ሞተሩም ዙሩን ስለሚቀንስ 1,600 ዋት የሚሰጠው በሩብ ጭነት በሰዓት ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ለላፕቶፕና ለካሜራ መሙያ የሚስማማ ንጹሕ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በድንኳን ለምታድሩ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። የጭላዳው መንጋ ከአፋፉ የሚርቀው በጩኸት ነው፤ ጎን ያለው ድንኳንም እንቅልፍ ይፈልጋል። ናፍጣ የሚጠጡት ደግሞ ከባድ ስለሆኑ ለተሸካሚ አይሆኑም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከአሜሪካ ዘመድ ላላችሁ፦ እዚያ የሚሸጠው ጀነሬተር 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ስጦታው ሳይላክ በፊት ይህንን ንገሯቸው።

4. ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ ፈትኑት

ይዛችሁ የምትሄዱት ሁለት ነገር ነው፦ ቮልት የሚለካ ቴስተርና ዋቱን የምታውቁት፣ ማሽኑም ሊሸከመው የሚችለው ካውያ ወይም የውኃ ማፍያ። ዘይት ተሞልቶ፣ ማሽኑ ከሱቁ ውጭ ወጥቶ ይነሳ። ባዶውን ሲሠራ ቮልቱን ለኩ፤ ከዚያ ካውያውን ሰኩና እንደገና ለኩ። ከ220 ወደላይም ወደታችም ከአሥር በመቶ በላይ ከሄደ አትውሰዱት። ካውያው ለግማሽ ሰዓት ይቆይ። ሻጩ ቢያጉረመርም አትፈሩ። ደካማ ማሽን የሚታወቀው በሦስተኛው ደቂቃ ሳይሆን ሞቆ ከቆየ በኋላ ነው።

የዲናሞውን ጥቅል ሽቦ ጠይቁ። መዳብ ከሆነ ይከብዳል፣ ይበልጥም ይቆያል፤ አሉሚኒየም ሲሆን ይቀልላል፣ ይረክሳል፣ በሙቀት ቶሎ ይደክማል። ሁለት ተመሳሳይ ማሽን ክብደታቸው በጣም ከተለያየ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ለሸዋ ሮቢት ሙቀት መዳብ ያለውን እመርጣለሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት ደውላችሁ ሰፈራችሁ ያለውን መካኒክ «ይህን ስም ፈተህ ታውቃለህ?» በሉት። አላውቀውም ካለ ሌላ ፈልጉ። አንድ ካንዴላና አንድ የማስነሻ ገመድ ተጨማሪ አብራችሁ ግዙ።

5. ሳታስነሱት ዘይት ጨምሩ

አዲስ ባለ አራት ምት ጀነሬተር ብዙ ጊዜ ዘይት ሳይኖረው ነው የሚመጣው። ሳጥኑን ከፍቶ ቤንዚን ሞልቶ ገመዱን መሳብ ማሽኑን በመጀመሪያው ቀን መጣል ነው። የመለኪያው ዘንግ እስከሚያሳየው ምልክት ድረስ ሙሉት፤ ሲሞላ ማሽኑ በተስተካከለ መሬት ላይ ይቁም። ለሁለቱም አየር ጠባይ 10-30 የሚባለው ዘይት ይሆናል። ሳይጫንበት ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከግማሽ በላይ አትጫኑት።

6. የሚቆምበትን ቦታ አስቡ፤ ሕይወት ያለው እዚህ ነው

በዝግ ቤት የከሰል ምድጃ ሰው እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ጀነሬተር ይህንኑ ጋዝ ከምድጃ እጅግ በሚበልጥ መጠን ያወጣል። ስለዚህ በቤት ውስጥ፣ በረንዳ ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ድንኳን አፍ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን አይነሳ። ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ጭሱ የሚወጣበት አቅጣጫ ከሰው ይመለስ።

ጣርማ በር ላይ ሁለት ተጨማሪ አደጋ አለ። አንደኛው ነፋሱ ነው፤ ከቆላው ሽቅብ የሚነፍሰው ማታ ሊዞር ስለሚችል፣ ሲመሽ ያያችሁትን አቅጣጫ ሳታምኑ ከመተኛታችሁ በፊት ማሽኑን አጥፉት። ሁለተኛው የሕመሙ ምልክት ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፤ ከቆላ ወጥቶ 3,000 ሜትር ላይ ያደረ ሰው እነዚህን ሲያይ «ከፍታው ነው፣ ብርዱ ነው» ብሎ ብርድ ልብሱን ስቦ ይተኛል። ጀነሬተር በአጠገቡ ካለ እንዲህ አይባልም። ሁላችሁም ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ውጡ፣ ማሽኑን አጥፉ፣ የከበደበትን ሰው ወደ ሐኪም ውሰዱ። የልጆች ድንኳን ከሁሉ ይራቅ።

ለዝናብና ለጉም አራቱም ጎኑ ክፍት የሆነ ጣሪያ አብጁለት፤ ላስቲክ አታልብሱት። እርጥብ እጅ ሶኬቱን አይንካ። በቆላው ደግሞ ጥላ ፈልጉለት፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ስለሆነ ዙሪያውን አንድ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ግድግዳ ተጠግቶ በቀትር ፀሐይ የሚሠራ ማሽን ካለው ጉልበት ላይ ሌላ ያጣል።

7. ገመዱ

1,500 ዋት በ220 ቮልት ወደ 7 አምፒር ነው። ለ20 ሜትር 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ያለው ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ተጠቀሙ፤ ተጠቅልሎ ያለ ኤክስቴንሽን ስለሚግል ሙሉ በሙሉ ይፈታ። የቤቱን መስመር በሙሉ ለማብራት ብላችሁ ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርታችሁ የግድግዳው ሶኬት ላይ አትሰኩ። ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው አልፎ ወደ መንገዱ መስመር ይወጣል፤ «መስመሩ ሞቷል» ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል። የቤቱን መስመር በሙሉ ማብራት የሚፈልግ ሰው ባለሙያ ጠርቶ ቼንጅ ኦቨር የሚባለውን የመስመር ማቀያየሪያ ያስገጥም።

8. ነዳጁና መንገዱ

በብዙ ማደያ በጄሪካን መቅዳት የተገደበ ስለሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ማደያውን ጠይቁ። የሚያስፈልጋችሁን አስሉ፦ 1,600 ዋት ኢንቨርተር በሩብ ጭነት ማታ ለአራት ሰዓት ቢሠራ ሁለት ሊትር አይሞላም። ከዚህ በላይ መሸከም አደጋ መሸከም ነው። ጄሪካኑን እስከ አፉ አትሙሉት። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር ስትወጡ ወደ 1,800 ሜትር ስለምትወጡ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ የታሸገው ጄሪካን ያብጣል፣ ሲከፈትም ይረጫል። ከመኪና አውርዳችሁ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቃችሁ፣ ክዳኑን በቀስታ ፍቱት። ጀነሬተሩ የነዳጅ መዝጊያው ተዘግቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይጓዝ። በሚሠራበት ጊዜ ወይም ገና ትኩስ ሳለ ቤንዚን አትጨምሩ፤ አጥፍታችሁ ጥቂት አስቀዝቅዙት።

ስለ መንገዱም የዕለቱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ጠይቃችሁ ውጡ፤ ድንኳን የምትተክሉበትንም ቦታ ለቀበሌው አሳውቁ።

9. ከጉዞ መልስ

የመጀመሪያው ዘይት ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀየራል፤ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ። የአየር ማጣሪያውን በየ50 ሰዓቱ አጽዱ፤ የይፋት አቧራ ግን ከዚህ ቀደም ብሎ ይደፍነዋል። ማሽኑ ከአንድ ወር በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ታንከሩንም ካርቡሬተሩንም ባዶ አድርጉ፤ የቆየ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፣ «ሞተሩ ተበላሸ» ተብሎ ለመካኒክ የሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለዚሁ ነው። ማሽኑን የገዛችሁበትን ቀንና የሚቀጥለውን የዘይት ቅያሪ ሰዓት ዛሬውኑ በማርከር ታንከሩ ላይ ጻፉት።